ስም ጥሪ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ።
እኔ መልአክ አይደለሁም፤
ሐዋሳ፣ ከታቦር ሥር፣ የሦስተኛ «ለ» አስተማሪ ነኝ፤
ስልሳ ሦስት ልጅ አለኝ፣
አንድ ሰሌዳ፣ ግማሽ ካርቶን ጠመኔ፣
አንድም ቀይ እስክሪብቶ፦
ስም በእርሱ ይወጣል፣ ከእኔ።

ቡርሳሞ ከመስኮቱ ሥር ነው የሚቀመጠው።
አባ ኮዳ ጣሪያው ላይ ሲያርፍ ቆርቆሮው ይንጓጓል፤
ስልሳ ሁለቱ ወደ እኔ፣ እርሱ ወደ ላይ ያንጋጥጣል።
«ስምንት ሲደመር አራት?»
«ሦስት ናቸው ቲቸር፤ አንዱ ያነክሳል።»

ፊደል ፊት ሲቆም ግን
«ሸ» ባርኔጣዋን አውልቃ «ሰ ነኝ» ትለዋለች፣
«በ» እና «ለ» እግር ይዋዋሱበታል።
ሌላው ገጹን ሲጨርስ
እርሱ የመጀመሪያው ቃል ደጃፍ ቆሞ ያንኳኳል፤
ላቡ ደብተሩ ላይ ጠብ ይላል።
ከዚያ ብድግ ብሎ የጎረቤቱን እርሳስ ይሰብራል፣
በመስኮት ይዘላል፤
ማንም ሳያየው ከማልቀስ
ሁሉም እያየው መቀጣት ይሻለዋል።

አንደኛ ክፍል፣ ካርዱ ላይ፦ «ቀበጥ»።
ሁለተኛ ክፍል፦ «ፈዛዛ»።
ሰው በአንድ ክረምት እንዴት ከቀበጥነት ወደ ፈዛዛነት ይዛወራል?
ማንም አልጠየቀም። እኔም።
በመምህራን ማረፊያ፣ ሻይ እየቀዳን፣
እንደ ዱላ ቅብብል አቀበሉኝ፦
«እሱን? ተይው፣ አትድከሚ።»
በግማሽ ዓመቱ እኔም በቀይ ጻፍኩ፦
«ደነዝ ነው።»
ሁለት ቃል።
ለስልሳ ሦስት ካርድ አንድ ማታ ነበረኝ፣
መብራትም ጠፍቶ ነበር።
ይህን የምለው ለማመካኘት አይደለም።
ለማመካኘትም ነው።

ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት፤
የእኔው ከክፍል ወጣ።
በእረፍት ሰዓት ኳስ ሜዳው ደረሰ፤
ማክሰኞ የባጃጁ ሹፌር «ደነዙ፣ ጠጋ በል!» አለው፤
ቅዳሜ ዓሣ ልገዛ አሞራ ገደል ብወርድ
ቆሮሶ የሚሸነሽነው ጎረምሳ፣ ዓይኑን ከቢላው ሳያነሳ፣
«ያ ደነዝ ያንቺ ተማሪ ነው?» አለኝ።
ስሙ ከእኔ ቀድሞ ሐይቁ ዳር ወርዶ ነበር።

ሚያዝያ ላይ ከቢሮ አንዲት ሴት መጣች፣
ቅጽ ይዛ፣ አሥራ ስምንት ጥያቄ።
ቁጭ ብሎ ይረጋል? አዎ፣ አይ።
ፊደል ያምታታል? አዎ፣ አይ።
ባከበብኩ ቁጥር እጄ ቀለለኝ።
በመጨረሻ ረጅም ስም ነገረችኝ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ፣
የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ እንዳለ ጽሑፍ።
ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ?
ጥፋቱ የእርሱ አይደለም ማለት ነው፤
የእኔም አይደለም ማለት ነው።

እናቱን አስጠራኋት።
ዳንጊሴ ከገበያ፣ ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች መጣች።
ስሙን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።
«ይሄ ስም ያስነብበዋል?»
ዝም አልኩ።
«የፊተኛውስ?»
ጠመኔውን ከጣቴ አራገፍኩ።
«የአያቱን ስም ነው ያወጣንለት» አለች፤
«እሳቸውም ማንበብ አይችሉም ነበር።
ስማቸው ሲጠራ ግን
ሰው ከመቀመጫው ይነሳ ነበር።»

የሴትየዋን ቅጽ አልቀደድኩትም፤
ምን እንደማደርግ የሚነግር ገጽ ነበረው፣
እስከዚያ ድረስ አላነበብኩም እንጂ።
ካርዱን ፋቅኩት። ቀይ ቀለም አይለቅም፣
ወረቀቱ ተበሳ።
ከቀዳዳው ግርጌ ጻፍኩ፦
«ጥያቄውን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡለት።
ጊዜ ስጡት።
ከመስኮቱ አታርቁት፣ ሲቆጥር ይረጋጋል።»

ሰኞ ጠዋት፣ ስም ጥሪ።
ሰዓት ለመቆጠብ በቁጥር ነበር የምጠራቸው፤
ዛሬ በስም።
«ቡርሳሞ ሃንካሞ!»
ዝም።
«ቡርሳሞ!»
ልጆቹ ተያዩ። «ማነው እሱ?» አለች አንዷ ከኋላ።
እርሱ እዚያው መስኮቱ ሥር፣
ወደ ቆርቆሮው እንዳንጋጠጠ፤
ወፍ የለም፣ የሚቆጠር የለም፤
ሌላ ልጅ የተጠራ መስሎት
ተራውን ይጠብቃል፣
እኔ ባወጣሁለት ስም።