ከአንጓዬ ወይስ ከቱቦው

ከመስታወት ሣጥን ሁለቱን አወጣ፤
አንዱ የእጅ ነው፣ አንዱ ባለ ጣጣ፣
ከጋን አፍ ተነሥቶ ቱቦ ላይ ያደረ፣
ጥልቀትን፣ አየርን፣ ኮምፓስን ያጎረ፣
መዳፍ የሚሞላ እንደ ድሮ ስልክ።
«ሁለቱም አሮጌ፣ ሁለቱም ግን ልክ፤
ያንቺ ስለሆነ ሃምሳ ዲናር፤ ምረጪ፤
ከደሞዝ ይታሰብ፣ ቀስ እያልሽ አምጪ»
አለኝ ሐጂ ደርዊሽ።

አምስት ዓመት ሆነኝ ሙሐረቅ ስኖር፤
ሦስቱን ከሰው ጓዳ፣ ሁለቱን ከዚህ በር፣
ጋን እየሞላሁኝ፣ ልብስ እየዘፈዘፍኩ፣
ጨው ብረት ሲበላ በጣቴ እያወቅኩ።
አርብ አርብ ያስገባኛል ሮዴል፣ የሴቡው ጠላቂ፤
ከአፉ ብዙ አይወጣም፣ በእጅ ነው አሳሳቂ።
የመጀመሪያ ቀን ፍርሃት አንቆ ሲይዘኝ
«ትንፋሽሽን ብቻ አትያዢ» ነው ያለኝ።
እኔ እኮ ሦስት ዓመት ይዤው ነው የኖርኩት፤
ከባሕሩ ሥር ነው መልቀቅ የተማርኩት።

ዛሬም እሱ ቀደመ። «የእጁን ነው፤ የቱቦው ነገር
ኮራል እየገጨ፣ አሸዋ ሲጭር
ውሃው ይደፈርሳል፣ ዓሣው ይሸሽሻል፤
ስትወጪ ብትፈጥኚ ክንድሽ ይጮኽልሻል።
ከጎን የሚንዘላዘለውን ማን ጎንበስ ብሎ ያያል?»

ሐጂ ሳቅ አለና ጢሙን እየዳሰሰ
ከአያቱ ጀልባ ላይ በወሬ ደረሰ።
«ሉል ሲለቀም» አለኝ፣ «ይኼ ሁሉ የታል?
ድንጋዩን ይረግጣል፣ ጠላቂው ይወርዳል፤
ገመድ ወገቡ ላይ፣ ሳቢው ከላይ ቆሞ፣
ንቅንቅ ባለ ቅጽበት ይስበዋል ቀድሞ።
አንድ ቀን የአያቴ ሳቢ አንቀላፋ።»

«ከዚያስ?»

ዝም። መስታወቱን ወለወለው፤
አቧራ አልነበረውም።
«ባለ ቱቦውን ግዢ» አለኝ ቆይቶ፤
«ከአየርሽ ጋር የታሰረ ነገር አያንቀላፋም።»

እጄን አየሁት።
ሰው ቤት የገባሁ ቀን ማዳም ሰዓቴን አስወለቀችኝ፣
«ሳህን ይቧጭራል» ብላ። መሳቢያ ውስጥ ቆመ።
ሦስት ዓመት ሙሉ ቀኔን የቆጠረው
የሷ የግድግዳ ሰዓት ነው።
አንጓዬ ላይ የቀረው የነጣ ቀለበት
ጠቁሮ እስኪጠፋ ራሱ ስንት ወር ፈጀ።

«የእጁን» አልኩ።

ግን የእጁ ዕቃ ጥልቀት እንጂ አየር አያውቅም፤
ስንት ትንፋሽ ቀረኝ ብለው መልስ የለውም።
ሐጂ ምንም አላለም። ከቁርጥራጩ ሣጥን
ባለ መርፌ መለኪያ፣ የዛገ አንገት ያለው፣ አወጣ፤
ቱቦዬ ላይ ራሱ አሰረው፤ በመፍቻ ሦስቴ አጠበቀው፤
ሒሳብ ውስጥ አልጻፈውም።

አርብ ጠዋት ወረድን። ነፋስ ያደረበት ባሕር
እንደ አብሽ ውሃ ነበር፤ የሮዴል እግር እንኳ አይታይም።
አንጓዬን መነጽሬ ድረስ አስጠጋሁት፦
አሥራ አንድ ሜትር፣ ሃያ ሁለት ደቂቃ።
መርፌዋ ገና መሃል ላይ ናት።
አንዴ እጄን፣ አንዴ ቱቦዬን እያየሁ
ዓሣ ይኑር አይኑር ሳላውቅ ወጣሁ።

ማታ ፀሐይ ጠለቀች፤
ያለ ሰዓት፣ ያለ ቱቦ፣ ማንም ገመድ ሳይዝላት።

ሌሊት፣ ለስድስት በምንተኛበት ክፍል፣ አላወለቅኩትም።
ብርድ ልብስ ሥር ሆኜ ቁልፉን ተጫንኩት፤
ከባሕር ከወጣሁ ስንት እንደሆነኝ
መሬት ላይም ይቆጥራል። አረንጓዴ በራ።
ከላይኛው አልጋ ዝናሽ «ስንት ሰዓት ነው?» አለች።
«አሥር ከአርባ» አልኳት፣ የባሕሩን፣ ሳላስብ።
«ኧረ በሞትኩት!» ዘላ ወረደች፤
ሥራዋ አሥራ አንድ ሰዓት ይገባል።
በጨለማ ጫማዋን ስትፈልግ ሰማኋት፣
ያንዱን እግር አግኝታ፣ ያንዱን አጥታ።
ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤
ሳቄ ቀደመኝ።