ስኮርት

ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል፣ ገና በማለዳ፣
ቀኝ ቀኝ አለች ላዳዬ፣ መሪው እየከዳ፤
ከኋላ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል፣ የጥቁር አንበሳ እንግዳ፣
በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የቀጠሮ ካርድ፣
«ሁለት ሰዓት አሉኝ» ይላሉ፣ ባዘገምን ቁጥር በመንገድ።

ወረድኩ። ጎማው መሬት ላይ እንደ ሊጥ ተንጣሏል፤
ሚስማር የለ፣ ብርጭቆ የለ፣ ላስቲኩ ደህና ይመስላል።
ቫልቩ ነው ለካ! ያቺ የጣት አንጓ የማታክል፣
ከአንገቷ ተቀንጥሳ በቆዳ የምትንጠለጠል።
ይህን ሁሉ ብረት፣ ይህን ሁሉ ሞተር
የተሸከመው ለካ የሷ ዝምታ ነበር።

ደንብ አስከባሪው ከተፍ አለ፤ «እዚህ መቆም ክልክል ነው!»
«መቆሜ መች ሆነ» አልኩት፣ «መውደቄን ነው ያየኸው።»

«ስኮርት የለህም ወይ ልጄ?» አሉ በመስኮት ብቅ ብለው።
«አለኝ እንጂ!» አልኩ በኩራት፣ የኋላ ኮፈኑን ከፍቼው።
ክሪኩን አቆምኩ፤ ቡሎኑን ረግጬ ፈታሁ፤
ስኮርቱን እንደ ሕፃን ደረቴ ላይ አቅፌ መጣሁ።
አንደኛው ቀዳዳ ገባ፤ ሁለተኛው ገባ በግድ፤
ሦስተኛው አፈጠጠብኝ፤ አራተኛው አለ፣ «ወዲያ ሂድ!»
የኮሮላ ቸርኬ ነዋ! የላዳን አራት ቡሎን
በሁለት ሚሊ ሜትር ስቶ፣ አይቶ እንዳላየ የሚሆን።
ሁለት ሚሊ! የሩዝ ፍሬ ውፍረት፣
ጃፓንና ሩሲያ ሳይነጋገሩ የተለያዩበት።
አራት ዓመት ሙሉ ጭኜው ስዞር በዚህ ከተማ
አንድ ቀን እንኳ ለክቼው አላውቅ፣ ይህን የሰው ጎማ።

ሁለት ጎማ በሁለት እጅ ቁልቁል ሳንከባልል፣
የሞላው ይሮጣል፤ የተነፈሰው ተኮራምቶ ይዝላል፤
ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ከኋላ፣ ክሪኩን እንደ ጃንጥላ አንጠልጥለው፣
«ሩጥ እንጂ ልጄ» ይሉኛል፣ «ያንተም በሽተኛ ሰዓት አለው!»

በጎማ ቁጠባ በኩል፣ የሙዘሚል ቆርቆሮ ቤት፤
ኮምፕሬሰሩ አስም እንዳለበት ሽማግሌ ያቃስታል በር ፊት።
ሰባት መሳቢያ በረበረ። «የላዳ ቫልቭ? የለኝም።
ሶማሌ ተራ እስኪከፈት፣ ከዚያ በፊት አይገኝም።»
ደግሞ ጎንበስ ብሎ ስኮርቱን በጥፍሩ መታ መታ፣
«ይሄኛው ቫልቭ የብረት ነው፤ ጋሼ፣ ይሄንን ልፍታ?»

እጁን ያዝኩት።

ታላቅ ወንድሜ ይርዳው ነው ይህን ጎማ የነፋው፤
ለደብረ ዘይት መንገድ ብሎ፣ ቅዳሜ ዕለት፣ በእግር ፓምፕ፣ ላቡ እያንጠፈጠፈ የሞላው።
ሰኞ ተኛ። ኮሮላው ለሐኪም፣ እሱ ለአፈር ተሰጠ፤
ስኮርቱ ብቻ ከጓዳ በር ሥር ተረስቶ ከሽያጭ አመለጠ።

ሙዘሚል መፍቻውን እንዳነሳ ጠበቀ፤
የወይዘሮዋ «ሁለት ሰዓት» እንኳ ከአፋቸው ራቀ።

«ፍታው» አልኩ።

ጽስስስስ…
አራት ዓመት የታሸገ ቅዳሜ፣ ላስቲክ ላስቲክ ሸተተ፤
ሱሪዬን ነካ ነካ አርጎ፣ ከሚኒባስ ጭስ ኋላ ዳገቱን ሽቅብ ተጎተተ።
ማንም ምንም አላለም። ሙዘሚል አንገቱን ደፋ፤
ከዚያ፣ ሥራ ሥራ ነውና፣ ጠርዙን በሳሙና አረፋ
ቀብቶ፣ ቫልቩን ከዚያ ነቅሎ እዚህ ተከለው፤
«የእጄን ብቻ» አለ፣ «ቫልቩማ ያንተው ነው።»

ሁለት ተኩል ላይ፣ በሆስፒታሉ በር፣ «እሱ ይርዳህ» ብለው
ወረዱ ወይዘሮዋ፣ ካርዳቸውን ከነጠላው ፈትተው።
እኔም ወደ ለገሃር። ላዳዬ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣
በሰው ትንፋሽ መዝጊያ፣ ምንም እንዳልሆነች።
ስኮርቱ ከኋላ አለ። ልኩ አይደል፤ አየር የለው፤ ቫልቩም ያው የለው፤
ጉብታ ላይ ስንወጣ ድም ይላል። ደግሞ ማነው የሚጥለው።