የመጠይቁ ጀርባ

ስም አይጻፍ ይላል ከላይ በደማቁ፤
አርባ ጥያቄ ነው የያዘው መጠይቁ።
«ስለምትማሩበት ስፍራ ያላችሁን ስሜት፣
ከአንድ እስከ አምስት ካለው አክብቡበት።»
አንድ፦ በጣም አልስማማም። አምስት፦ በጣም እስማማለሁ።
እኔ ሦስት ላይ፣ ገለልተኛው ላይ፣ ቆሜአለሁ።

ጥያቄ አራት፦ «ክፍሉ ለትምህርት ይመቻል?»
ደብረ ብርሃን ላይ፣ በታኅሣሥ ንጋት፣ ማን ይህን ይመልሳል?
ውርጩ መስኮቱን በነጭ ቀለም ቀብቶት፣
ጋዋኔን ከሁለት ሹራብ በላይ ደርቤ፣ አዝራሩ እምቢ ብሎት፣
የአፍ መስታወቷም ብርድ ብርድ እያላት፣
ከሰው አፍ ስትገባ ጉም እየጋረዳት፣
መንጋጋ ፍለጋ፣ በጣርማ በር ጭጋግ እንዳለ ሹፌር ሄድኩባት።

ጥያቄ ዘጠኝ፦ «መሣሪያው በቂ ነው?»
ወንበሯ አንድ ናት፤ ተሰላፊው አሥራ አንድ ነው።
ወደ ኋላ ስትተኛ ታቃስታለች፤
ከታካሚው ቀድማ እሷ ታመመች።
የፕላስቲኩ ራስ፣ «ጋሽ ባዩ» ያልነው፣ ከታች አራት ጥርሶች የሉትም፤
ስንት ዓመት በተማሪ ተሰርስሮ አንድ ቀን «አመመኝ» አላለም።
መብራትም ይሄዳል። (ይህን ጥያቄ አላደረጉትም።)
ይታገሱ በስልኩ ባትሪ ያበራልኛል፤ እጁ አይዝልም።

«የልምምድ ዕድሉስ?» ለመመረቅ አሥራ አምስት ንቅል ይፈለግብናል፤
ቅዳሜ ገበያ ወርደን ጉንጩ ያበጠ ሰው ስናይ
እግዜር ይቅር ይበለን፣ ደስ ይለናል።

ጥያቄ ሃያ ሁለት፦ «መምህራን ተማሪን በአክብሮት ይይዛሉ?»
እዚህ ላይ ብዕሬም ጣቶቼም ዝም አሉ።
ቀን ቀን የሰው ጥርስ ውስጥ በመስታወት ገባሁ፤
ከሚያዝያ ወዲህ ግን የመምህሬ ጥርስ ውስጥ ቀረሁ።
«ለምን እንዲህ ሆነ?» ነበር ጥያቄዬ፤
ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንቺ» ነው መጠሪያዬ።
ስንወጣ እንስቃለን፤ «ጥርስ ባዳ ነው» ይሉታል፤
ሆድ እያለቀሰ እሱ ብቻ ያገጣል።
እኔ ግን ሥሩን አይቼዋለሁ፣ ሰርስሬ ወርጄ፤
ነርቭ አለው፣ ደም አለው፤
ማን ነው ባዳ ያለው፣ ወዳጄ?

ሠላሳ አንድ፦ «የሚያበረታታኝ ሰው አግኝቻለሁ።»
ጋሽ ሸዋንግዛውን በየትኛው ቁጥር አከብባለሁ?
ከደነባ መጡ፣ ጉንጫቸውን በሻሽ አስረው፣
ሦስት ሌሊት በቅርንፉድ፣ በአረቄ ሞክረው።
መንቀያውን ሳነሣ እጄ ተንቀጠቀጠ፤
መምህሬ አየና «አንቺ!» ብሎ አፈጠጠ፦
«ይህ እጅ ሽንኩርት እንኳ በወጉ አይልጥም!»
አሥር ተማሪ አቀረቀረ፤ አንድም አልተነፈሰም።
ያኔ ጋሽ ሸዋንግዛው፣ እንባቸውን እንዳዘሉ፣
በደነዘዘ ከንፈር እየተኮላተፉ፣
«ብርዱ ነው፣ ጌታዬ» አሉ፤
«የእኔም እጅ በኅዳር ማጭድ ላይ እንዲህ ያደርገዋል።
ተዋት፤ የያዘችው የታመመውን ነው፤ ጥርሴ ይናገራል።»

ብርድ አልነበረም። ያን ዕለት ማሞቂያው ተለኩሶ
ላቤ ይወርድ ነበር፣ ሁለቱን ሹራብ አርሶ።
እሳቸውም ያውቃሉ።

ጥርሱ ወጣ፤ ሁለቱም ሥሮቹ ቆልመም ያሉ።
«ለመለማመጃ ይስጡኝ» ስላቸው፣
«ካስተማረሽማ ውሰጂው» አሉ።

በበረኪና አጥቤ፣ በጧፍ ሰም ተክዬ፣
ባንቺዐምላክ ስታንኮራፋ፣ ካልጋዬ ጫፍ ተቀምጬ፣ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ፣
እቦረቡረዋለሁ። አያመውም፤ የሚቆጣም የለም፤
የምማርበት ስፍራ ይህ ነበር፤ ከአርባው ውስጥ ግን የለም።

ነገ ይሰበስቡታል። ፊቱን ሁሉ ሦስት አድርጌ ሞላሁት፤
ይህን ጀርባው ላይ ነው የጻፍኩት።
ስም አይጻፍ ብለዋል፤ የኔን አልጻፍኩም፤
የእሳቸውን ግን ጻፍኩት።