ባሌስትራ

ከአርማንያ ደብረ ሲና ወጥቼ ገዛሁ ገጀራ፣
እጀታው ቢጫ ላስቲክ፣ አፉ የሚያበራ።
ሻጩ በጥፍሩ መታ፣ «ስማው!» አለኝ፣ ሰማሁ፤
የደወል ድምፅ መስሎኝ ሳልከራከር ገዛሁ።

በማግሥቱ ማለዳ አንድ አጋም ብመታ
እንደ ጎመን ቅጠል ተጠቀለለ ባንድ አፍታ።
አጋሙ አልደነገጠ፣ ቆንጥሩም አልራደ፤
ከትከሻዬ እስከ ክርኔ ክንዴ ብቻ ነደደ።

ስድስት ዓመት ጦም ያደረ የአጎቴ መሬት፣
ክትክታ ጎጆ ወጥቶ፣ ልጅ ድሮበት፣
ጅብ እንኳ አራስ ሆና ግልገል አሳድጋበት፤
አሁን ግን የኔ ነው፣ ማኅተም አለው ወረቀቱ፤
ቆንጥር ፊደል አልቆጠረ፣ ምን ሊረዳኝ ማኅተም መምታቱ?

ጎረቤቴ ሸዋንግዛው ባጥር አሻግሮ አየና
«ባለ እጁ ዘንድ ሂድ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገና።
«ግን በቀን ሂድ፤ ዓይን ለዓይን አትግጠመው፤
እህል ቢያቀርብልህ ጦመኛ ነኝ በለው።»
ይህን ሲመክረኝ ወገቡ ላይ ማጭድ ሽጧል፤
የማጭዱን ጥርስ ማን እንዳወጣው አገር ያውቃል።

ወረድሁ።
መንገዱ ጠቦ ጠቦ የፍየል ዱካ አክሏል፤
ቀጋ ጋቢዬን ይዞ «ወዴት ነው?» ይለኛል።

ጋሽ አሻግሬ ገጀራዬን ተቀበለ፣ አልሳቀም፤
በሁለት ጣቱ አጠፈው፤ ያጠፈውንም አላቃናም።
«ይሄ ለጎመን ነው» አለ፤ ከጌሾው ሥር ገብቶ
ቅስት ብረት አመጣ፣ ዝገት የጠጣ፣ ጎትቶ።
«ባሌስትራ ነው፤ የፊያት። ጣርማ በር ላይ ተሰብሮ
ሾፌሩ ከጉም ጋር ሁለት ሌሊት እዚያው አድሮ
ለሲጃራ ሸጠልኝ። ይሄ ብረት ኖሯል፤
ጨው ተሸክሟል፣ ሲሚንቶ፣
ሙሽራም ከነሚዜዋ ጭኖ ዳገት ወጥቷል።
ሸክም ያላየ ብረት ምን መቁረጥ ያውቃል?»

ልጁ ብርቄ ወናፉን ትነፋ ጀመር።
ፍሙ ዓይኑን ገለጠ፣
ብረቱ መጀመሪያ ሾላ፣ ቀጥሎ ብርቱካን መሰለ፤
«ጉጠቱን ያዝ» አለኝ፤ ያዝሁ፤ መዶሻውን ጣለ፤
አንዴ ለብረቱ፣ አንዴ ለባዶው መስፍ፣
እንደ ሽማግሌ ወግ፣ መሐል ላይ እንደሚያርፍ።
በዚያ መሐል ነው ረስቼ ዓይኑን ያየሁት።
መቅላቱ እውነት ነው።
አርባ ዓመት ጢስ ነው ያቀላው፤ ሌላ አላገኘሁበት።

የጋለውን ስለት ውሃ ውስጥ ይነክራል ስል
የተቃጠለ ዘይት አመጣ፣ ጥቁር እንደ ከሰል።
«ውሃ ያኮራዋል» አለኝ፤ «የኮራ ስለት ይሰበራል፤
ዘይት ግን ቀስ ብሎ ይመክራል።»
ደግሞ ከፍሙ ዳር አስተኛው፣ መልኩ እስኪቀየር፤
የገብስ አገዳ እስኪመስል ዝም ብሎ ይጠብቀው ነበር።

እኩለ ቀን አሹቅ ቀረበ፣ ባንድ ሰፌድ።
ማክሰኞ ነው። «ጦመኛ ነኝ» ምላሴ ላይ ሲንገዳገድ
እጄ ቀደመው፤ እፍኝ ዘገንሁ፤ ጨው አንሶታል አልሁ።
ሌሊት ሆዴን ጠበቅሁት፤
ምንም አላለኝ፤ ተኛሁ፣ አንኮራፋሁ።

በነጋታው የወይራ እጀታ ተክሎ ሰጠኝ፤ አፍንጫው የጎበጠ፣
ክብደቱ ከአንጓ እስከ ብብት የቆነጠጠ።
ገንዘብ ሳወጣ እጄን ገፋው፦
«ሳምንት ቁረጥበት። ካሳፈረኝ አትክፈል።»

የመጀመሪያውን ምት ለአጎቴ መሬት አልሰጠሁም።
እዚያው ደጁ ላይ፣ ያን ጋቢ የሚይዝ ቀጋ
ከሥሩ።
ከዚያ ጎረቤቱን። ከዚያ አጋሙን።
አስፋልቱ ዘንድ ስደርስ መሸ፤ ዞሬ ባይ
ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ መንገድ
ከጢሱ ጀምሮ እግሬ ሥር ተጋድሟል።

በሳምንቱ ከፍዬ ስመለስ ሸዋንግዛው መጣ፤
«ለአንድ ቀን አውሰኝ፣ እኔንም ቆንጥር አስቸግሮኛል።»
«አላውስም» አልሁት፤ «መንገዱ ተመንጥሯል፤
ጌሾው ሥር ሌላ ባሌስትራ አይቻለሁ።»
ዝም አለ።
ማጭዱን ከወገቡ መዘዘ፣
ጥርሱን በአውራ ጣቱ ዳበሰ፣ መልሶ ሻጠው።
ቁልቁል ጢሱን አየ።
«ዛሬ ቀኑ ምንድነው?» አለኝ።
«ማክሰኞ» አልሁት።