ሦስተኛው ሣጥን

ኅዳር ነው፤ ሳስካቱን። ወንዙ ከዳር ከዳር ስልባቦት ይዟል፤
የቢሮዬ በር ላይ የቀደመኝ ሰው ስም ግማሹ ተፍቋል።
ቁልፍ ተረከብኩኝ፣ ወንበር ተረከብኩኝ፣ ወረቀትም አንድ፦
አምስት ሣጥን ያለው፣ ለአምስቱ ዓመቴ የሚሞላ መንገድ።

«አትቸኩዪ» አለች ማርጆሪ፣ የክፍሉ ኃላፊ፣
«የምታገኚውን፣ የምታገኚበትን ዓመት ለይተሽ ጻፊ።»
ያልታወቀ ነገር ፈልጊ ብለው ቀጥረውኝ
የሚታወቅበትን ቀን ንገሪን አሉኝ።

ምክር እንደ ጉድ ነው። አንዱ በኮሪደር፦ «እምቢ ማለት ልመጂ፤
ኮሚቴ ይበላሻል።» ሌላዋ በደረጃ፦ «እሺ በይ፣ ተወዳጂ፤
ነገ ድምፅ የሚሰጡት እነሱ ናቸው።»
ሦስተኛው ጢሙን እያሻሸ፦ «በዓመት ሦስት ጽሑፍ፤ አጭር ይሁኑ፣ ማን ሊያነባቸው!»
እሺም እምቢም አልኩኝ፣ በአንድ ቀን፣ ለአንድ ሰው፣ በስህተት፤
እሺ ያልኩት መጣ፣ እምቢ ያልኩትም መጣ፣ ከነአጀንዳው፣ ሰኞ ጠዋት።

አንደኛ ዓመት፦ ቤተ ሙከራ ማደራጀት። ሞላሁት።
ሁለተኛ፦ ተማሪ፤ ዳርሲ የምትባል፣ የስንዴ ገበሬ ልጅ፣ ብርድ የማትፈራ። ሞላሁት።
አራተኛ፦ ትልቁን ገንዘብ ማግኘት። እንዴት? እሱን አልጻፍኩም።
አምስተኛ፦ ቋሚ ቅጥር፤ ካልሆነስ?
«ካልሆነስ» የሚል ሣጥን የለም።
ሦስተኛው ባዶ ቀረ፤
እንደ ተሰበረ ደረጃ ዘልዬው አልፌ፣ ሲመሽ ብመለስ
እዚያው፣ እንደነበረ።

የእኔ ጥያቄ አጭር ናት፦ ይህ ወንዝ በጸደይ መቼ ይነቃል?
በረዶውን ማን ይቀሰቅሰዋል፣ ስንት ቀን ያንገራግራል?
በጣቴ ቆጠርኩና ደነገጥኩ። ወንዝ በዓመት አንዴ ነው የሚነቃው፤
አምስት ዓመት ማለት አምስት ነጥብ ብቻ፤ በአምስት ነጥብ ማን ሊበቃው?
አንዱን ጸደይ ጉንፋን ቢወስደው፣ አንዱን የተሰበረ መሣሪያ፣
ሦስት ነጥብ ጨብጬ ልገባ ነው፣ ለዳኞቼ መታያ።

ኦረስት የሚሉት አለ፤ ከምድር ቤቱ፣ ብሎን የሚያጠብቅ፣ ሽቦ የሚበይድ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ፣ በመጪው ሰኔ ጡረታ የሚሄድ።
መሣሪያዬን ይዤ ወረድኩ፣ በበጀቴ እኩሌታ የገዛሁትን፤
እያገላበጠ አየው። «ቆንጆ ነው» አለ፣ «በረዶው ግን ይበላዋል»፤ ሳበ መሳቢያውን።

ደብተር። ጠርዙ በዘይት የወየበ፣
በየዓመቱ አንድ መስመር፣ ከድልድዩ ያየውን እየከተበ፦
«ኤፕሪል ዘጠኝ፣ ጠዋት። እንደ መድፍ ጮኸ።»
«ኤፕሪል አሥራ አራት። ዝም ብሎ ሄደ።»
«ማርች ሠላሳ። ዝይ ቆሞበት ነበር፣ ይዞት ወረደ።»

«ለምን ጻፍከው?» አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ፤
«ሳንድዊቼን እዚያ ነው የምበላው» አለ፤ አለቀ።

ሠላሳ አንድ መስመር። ያለ ገንዘብ፣ ያለ ሣጥን፣ ያለ ዕቅድ።
ውስጤ አንድ ነገር፣ ኩራት ይሁን እንጃ፣ ሲቀደድ
ሰማሁት።
አልዋሽም፤ መጀመሪያ ያደረግኩት
የመሣሪያውን ደረሰኝ መፈለግ ነው። አላገኘሁት።

ማታ፣ ሦስተኛው ሣጥን ውስጥ፣ ሳልሰርዝ ሳልደልዝ፦
«ኤፕሪል። ድልድዩ ላይ መቆም። ሠላሳ አራተኛውን መስመር መመዝገብ።»
ማርጆሪ አነበበች፤ መነጽሯን አወለቀች፤ «ይሄ ግብ አይደለም» አለች።
ቆየችና፣ ብዕሯን እያሽከረከረች፣ «ቁጥር ጨምሪበት» ብላ ፈረመች።

ወንዙ ዛሬ ገና መተኛቱ ነው፤ እኔም አልቸኩልም።
እሱ ሲነቃ እነቃለሁ፤ ቃሉ ሁለት ነው፤
የትኛው እንደሚደርሰኝ
አልሞላሁም።