ቀለበት

ካካሜጋ ጫካ፣ ከዝናብ በኋላ፣
ሁሉም አረንጓዴ፣ ሁሉም ነገር ጥላ።
ቅጠል ነው ስል ወፍ ነው፣ ወፍ ነው ስል ቅጠሉ፣
አንገቴ ዛለብኝ፣ ዓይኖቼም ዋለሉ።
ሙሆንጃ ከፊቴ፣ ቦት ጫማዋ ጭቃ፣
እርምጃዋን ለክታ፣ ትንፋሿን ጠብቃ፣
ድንገት ቆም ትልና ጣቷን ታነሣለች።
ጠቅ! አለ ከላይ፣ ደረቅ ጭራሮ እንደሰበሩት።
«አፉ እንዳይመስልህ፣ ክንፉ ነው» ትላለች።

ጻፍኩ፦
«አንድ። ጥቁርና ነጭ። ከጭብጤ ያንሳል።
ጉሮሮው ነጭ፣ ደረቱን በሰፊ ጥቁር መቀነት ታጥቋል።
ጅራቱ ላይ ሲደርስ ልብስ ሰፊው ጨርቅ ያለቀበት ይመስላል።
ሁለት። ሌላ ዓይነት። ራሱ አመድማ፣
ጀርባውና ጉሮሮው የተተኮሰ ሸክላ፣ ሆዱ ነጭ።
ስሙን አላውቅም።»
በመካከላቸው መስመር አሠመርኩ፣
ወዲህ አንዱን፣ ወዲያ ሌላውን አኖርኩ።

ሙሆንጃ በትከሻዬ በኩል አጎንብሳ አነበበች፤
ወፎቹን እንዳታስበረግግ ሳቋን በመዳፏ አፈነች።
«ምነው አንተ ሰው፣ ምን በድለውህ ነው
ባልና ሚስቱን በእርሳስ ያፋታኸው?
ላባን አትመነው፣
ላባ እንደ ወሬ ነው፤
ጥላው ያጠቁረዋል፣ ጠሉ ያወይበዋል፣
ፀሐይ የወጣች ለት ሌላ መልክ ያወጣል።
ዓይናቸውን እይ።»

አየሁ።
እሱ ከቅጠል ሥር አባጨጓሬ ነጥቆ
ቅርንጫፉ ላይ ደጋግሞ አጋጨው፤
አንገቱን ሲያዞር፣
ከዓይኑ በላይ፣ ላባ ያልሸፈነው ሥጋ፣
ሐምራዊ፣ እርጥብ፣ ክብ።
ወደ እሷ ዞርኩ፤
ያው ሐምራዊ፣ ያው ክብ።

«እኛ ጣታችን ላይ፣ እነሱ ዓይናቸው ላይ» አለች።
ጣቷን አየሁት፤ ባዶ ነው።
«የኔንማ ሸጥኩት፤ ይኸውልህ» ብላ
አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን የርቀት መነጽር
መታ መታ አደረገችው።
«ሊሃንዳ ሳምንት ሙሉ አኮረፈ።
በስምንተኛው ቀን፣ ‹እስቲ ልይበት› አለኝ።
አሁን እሑድ እሑድ በወረፋ ነው።»

ጠቅ! ጠቅ!
ሁለቱም ወደ ጨለማው ገቡ።

ላጲስ አልያዝኩም።
መስመሩን በእርጥብ አውራ ጣቴ ፈተግኩት፤
አልጠፋም፤
ደብዝዞ፣ ተስፋፍቶ፣ አመድማ ሆነ፣
እንደ ሚስቲቱ ራስ።