አርባ አንድ ደረጃ

አሽቀሎን ይሏታል፤ ለኔ ግን አስቀሎና፣
በቄሳችን ንባብ እንዲያ ነበረችና።
ጨው የላሰው ሕንጻ፣ ከባሕሩ አፋፍ ያለ፣
ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ አሳንሰር ያልታደለ፤
እዚያ ነው እንጀራዬ።
ወይዘሮ መሶዳን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣
የጠዋቱን ኪኒን ከማታው እለያለሁ።
ዘጠና አንድ ዓመቷ፤ ጉልበቷ የከዳት፣
ምላሷ ግን ዛሬም ምላጭ የሆነላት።

ከበሯ እስከ ምድር ቤት፣ እስከ መጠለያው በር፣
ደረጃው አርባ አንድ፤ ሳጥበው እቆጥር ነበር።
ሳይረኑ ከጮኸ ያለን ሠላሳ ሰከንድ፤
ለሮጠ ይበቃል፤
መሶዳን ላዘለ ግን እኩሌታው መንገድ።

የመጀመሪያው ቀን ሒሳብ አልሠራሁም፤
እግሬ ቀደመኝ እንጂ ዞሬም አላየሁም።
ታች ነው የነቃሁት፣ ሰው መሐል ተወሽቄ፣
አንድ እግሬ ባዶውን፣ ማተቤን በጥርሴ አጥብቄ።
"አሮጊቷስ?" አለኝ የጎረቤት ልጅ ያኢር።
ግድግዳውን አየሁ። ምን ልለው ነበር?

ስመለስ እዚያው ናት፣ ወንበሯ ላይ እንዳለች፣
የጣልኩትን ጫማ እንደ ድመት ታቅፋለች።
አልተቆጣችኝም፤
"እግርሽን ይበርድሻል" ካለችኝ በቀር አንድም አልተናገረችም።
ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ያን ሌሊት ቆምኩና ከሥዕሉ ፊት ለፊት፣
"አትፍሩ ማለቱ ላንተ ቀላል ነው" አልኩት።
"እኔ ግን ሥጋ ነኝ፤ የሁለት ልጆች እናት።"
ዝም አለኝ፣ እንደ ወትሮው።
ዝምታው ውስጥ ግን አንድ ቦታ መጣብኝ፤ በአውቶቡስ
የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ፣
አምና ተሳልሜ የተደገፍኩት የወይራ ግንድ፤
እዚያ ነው እርሱ ፊቱን አፈር ላይ ጥሎ፣
ላቡ እየነጠበ የለመነው፣ ይቅርብኝ ብሎ፤
ጓደኞቹ ተኝተው።
ጌታዬም ፈርቷል። ፈርቶ ግን አልሄደም።
ከዚያ ወዲህ ፍርሃቴን እንደ ሌባ አልደበቅሁትም፤
እንደሚያለቅስ ሕፃን አዝዬው ጸሎት ገባሁ።

ሐሙስ ከሰዓት ነው፤ ጠጉሯን ሳበጥር፣
ያ ድምፅ ተነሣ፣ አየሩን ሲያተረትር።
እግሬ እንደ ልማዱ ወደ በሩ ዞረ፤
ምላሴ ኩበት ሆነ፣ ላንቃዬ ላይ ቀረ።
"ሂጂ" አለች መሶዳ፣ "ልጆች አሉሽ፤ ሂጂ።"
እውነቷን ነው፤ አሉኝ።
ይህች ቃል ናት ፈተናዬ፣ ከፈንጂው የባሰች ፈንጂ።

ጀግና ሆና ቀረች እንዳትሉ አደራ፤
ወንበሯን ስጎትት እጄ እንደ ቅጠል ነው፣ ጥርሴም ሲንገጫገጭ አብራ።
መስኮት ከሌለው መተላለፊያ አስጠጋኋት፣
በላይዋ ጎንበስ ብዬ በጀርባዬ ከደንኳት፣
ያልወረድነውን ደረጃ በአፌ መውረድ ጀመርኩ፤
እግዚኦ ብዬ አንድ፣ እግዚኦ ብዬ ሁለት ቆጠርኩ።
እሷም ዓይኗን ከድና፣ በአባቶቿ ቋንቋ፣
የራሷን ትጠራለች፣ በአንድ እጇ እጄን አንቃ።

አሥራ ዘጠኝ ላይ
ሰማዩ ተቀደደ።
የወጥ ቤቱ መስታወት እንደ በረዶ ወረደ።
ከዚያ ጸጥታ። አቧራ። ከሩቅ የመኪና ጡሩምባ።
መሶዳም፣ "ግማሽ ጠጉሬ ቀርቷል፤ ማበጠሪያው የት ገባ?"

ዓርብ በማለዳ ባልዲ ይዤ ተንበረከክሁ፤
ሃያ ሁለት እግዚኦታ ዕዳ ነበረብኝ፣ ከሃያኛው ጀመርኩ፣
ደረጃውን ሳጥብ አንዳንድ እግዚኦ እያልኩ።
አርባኛው ላይ ሳለሁ ሞተር ሳይክል ጮኾ አለፈ፤
ልቤ ዘለለች፤ ባልዲው ተገልብጦ ውኃው ቁልቁል ጎረፈ።

አለ እንግዲህ ፍርሃቴ፤ ቤቱን አልቀየረም።
እኔም አለሁ።
ሁለቱም ጫማዬ እግሬ ላይ ነው።
ጨርቁን ጨመቅሁ።
እግዚኦ።
አርባ አንድ።